«ኦሪጅናል ነው?»፦ የአሮጌ ሰዓት እውነትና የመለዋወጫው ጣጣ

የእጅ ሰዓት ሊገዛ የመጣ ሰው ከዋጋው ቀድሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ኦሪጅናል ነው?» ሰዓቱ አዲስ ከሆነ መልሱ አያስቸግርም። ስሙ የተጻፈበት ፋብሪካ ከሠራው ኦሪጅናል ነው፤ ሌላ ሰው አስመስሎ ከሠራው ፎርጅድ ነው። ሰዓቱ ሃምሳና ስድሳ ዓመት የኖረ ሲሆን ግን ይኸው ቃል እጅ ላይ ይበተናል። እንዲህ ያለ አንድ ሰዓት እናስብ። ቀፎው ከፋብሪካው እንደ ወጣ ነው። ገጹ የዚያው ፋብሪካ ሥራ ቢሆንም ከሃያ ዓመት በኋላ ለጥገና ተብሎ የታተመ ነው። ጠቋሚዎቹ ከሌላ ሰዓት ተነቅለው የመጡ ናቸው፤ መስታወቱ የትም የሚገኝ ተራ መለዋወጫ ነው። ማሽኑን ግን ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ከማጽጃና ከዘይት በቀር የነካው የለም። ይህን ሰዓት ኦሪጅናል ብሎ የሚሸጠውም ፎርጅድ ብሎ የሚያጣጥለውም እኩል ተሳስተዋል። ጥያቄው አንድ መስሎ ይሰማል እንጂ በውስጡ ሦስት ጥያቄ አለ። እያንዳንዱን ክፍል ማን ሠራው? ክፍሉ ከዚህ ሰዓት ጋር የተገናኘው መቼ ነው? ሻጩ የሚናገረውስ ክፍሎቹ ከሚመሰክሩት ጋር ይስማማል? በእኔ ሚዛን ከባዱ ሦስተኛው ነው። የተለወጠ ክፍል ብቻውን ሰዓትን ሐሰተኛ አያደርገውም፤ ሐሰተኛ የሚያደርገው መለወጡ ሲደበቅ ነው። ይህ አባባል ለጥገና የተሰጠ ምሕረት ሊመስል ይችላል። በተግባር ሲፈተን ግን ከተለመደው መመዘኛ የጠበቀ ሆኖ ይገኛል፤ ምክንያቱም ክፍሎቹ ሁሉ ከአንድ ፋብሪካ የወጡለትን ሰዓት እንኳ ሐሰተኛ ነህ ሊለው ይችላል።

ይህ በሐሳብ ብቻ የተፈጠረ ጉዳይ አይደለም፤ በቅርቡ ዓለም ያየው ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ፊሊፕስ የተባለው አጫራች ድርጅት ጄኔቫ ላይ አንድ የኦሜጋ ስፒድማስተር ሰዓት ለጨረታ አቀረበ። የመጀመሪያው ትውልድ ከሚባሉት፣ 2915-1 የሚል የሞዴል ቁጥር ካላቸው የ1957 ሰዓቶች አንዱ ነው ተባለ። ጥቁር የነበረው ገጹ በዘመን ብዛት ወደ ቡናማ መለወጡ እንደ ጌጥ ተቆጠረለት። ከ80,000 እስከ 120,000 የስዊስ ፍራንክ ያወጣል ተብሎ የተገመተው ሰዓት በ3,115,500 ፍራንክ ተሸጠ። ገዢው ለሙዚየሙ የፈለገው ኦሜጋ ራሱ ነበር። በ2023 ግን ነገሩ ተገለጠ። ሰዓቱ ከልዩ ልዩ አሮጌ ሰዓቶች በተለቀሙ፣ አብዛኞቹ እውነተኛ የኦሜጋ ክፍሎች በሆኑ ዕቃዎች የተገጣጠመ ነበር። ኩባንያው ራሱ ይህን አመነ፤ በጉዳዩ ውስጥ ሦስት የቀድሞ ሠራተኞቹ እጃቸው እንዳለበትም አስታወቀ። የውጭ አገር ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን ሰዓት ከሬሳ ብልቶች ፍጡር በሰፋው የልብ ወለድ ሰው በፍራንከንስታይን ስም ይጠሩታል። በእኛ አነጋገር ድሪቶ ብንለው ይስማማዋል። የድሪቶው እያንዳንዱ ቁራጭ እውነተኛ ጨርቅ ነው፤ አንድ ወጥ ሸማ ነው ብሎ የሚሸጠው ግን ይዋሻል።

ከዚህ ጉዳይ የምንማረው የመጀመሪያው ነገር ስለ ሰነድ ነው። ብዙ ገዢዎች ፋብሪካው ከመዝገቡ ጠቅሶ የሚሰጠውን ወረቀት እንደ መጨረሻ ዳኛ ያዩታል። ፓቴክ ፊሊፕና ሎንዥን ከአሮጌ መዝገቦቻቸው እያዩ እንዲህ ያለ ማረጋገጫ ይሰጣሉ፤ ኦሜጋም ሲሰጥ ኖሯል፤ ሮሌክስ ግን ለሕዝብ አይሰጥም። ወረቀቱ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን የሚናገረው ስለ አንድ ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ያለው ማሽን በዚህ ቀን፣ በዚህ ዓይነት ሰዓት ውስጥ ሆኖ፣ ወደዚህ አገር ተላከ ይላል። ዛሬ ያንን ማሽን የያዘው ቀፎ ያን ጊዜ የያዘው ነው ወይ፣ ገጹስ የዚያን ቀኑ ነው ወይ ለሚለው መዝገቡ አፍ የለውም። ስለዚህ ሐሰተኛው ሠሪ ወረቀቱን መፎረጅ አያስፈልገውም። ጥሩ ታሪክ ያለው ቁጥር የተቀረጸበትን ማሽን ያገኝና በዙሪያው ለታሪኩ የሚስማማ አካል ይሠራለታል። ወረቀቱ እውነት ተናግሮ ሰዓቱ ውሸት ሊሆን የሚችለው እንዲህ ነው። መዝገቡን የሚጠብቀው ሰው ራሱ የተንኮሉ ተካፋይ ከሆነ ደግሞ የመጨረሻው አጥር ፈረሰ ማለት ነው።

ወረቀቱ ብቻውን ካልበቃ፣ ወደ ዕቃው መመለስ ግድ ነው። እዚህ ላይ አሮጌ ሰዓት የሚያስደንቅ ጸጋ አለው፤ ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው ይመሰክራሉ። ከምስክሮቹ ሁሉ አብልጬ የማምነው በጨለማ እንዲያበራ በገጹና በጠቋሚዎቹ ላይ የሚቀባውን ቀለም ነው፤ ምክንያቱም በውስጡ የራሱን ሰዓት ይዟል። ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 1960ዎቹ መባቻ ድረስ የሚቀባው ራዲየም ነበር። ከዚያ ወዲህ ትሪቲየም ተተካ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ጨረር የሌለው፣ ከብርሃን የጠጣውን በጨለማ የሚተፋ ቀለም ሁለቱንም አስወጣ። የመጨረሻው ዘር ሉሚኖቫ ይባላል፤ ኔሞቶ የተባለ የጃፓን ኩባንያ በ1993 ያወጣው ነው። የራዲየም ኃይል በግማሽ ለመቀነስ 1,600 ዓመት ይፈጅበታል፤ ትሪቲየም ግን በ12.3 ዓመት ግማሹን ያጣል። ከዚህ የሚወጣው ሒሳብ ለመርማሪው ትልቅ መሣሪያ ነው። በ1940ዎቹ የተቀባ ራዲየም ዛሬም 97 በመቶ ገደማ የሚሆነው እዚያው አለ፤ ቀለሙ የማያበራው ከራዲየሙ ጋር የተደባለቀው ብርሃን ሰጪ ኬሚካል ተቃጥሎ ስላለቀ ነው እንጂ ጨረሩ ስለጠፋ አይደለም። የጨረር መለኪያ ሲያስጠጉት ከመስታወቱ በላይ ሆኖ ይጮኻል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ከትሪቲየሙ የሚተርፈው 6 በመቶ ገደማ ነው፤ ጨረሩም ደካማ ስለሆነ መስታወቱን አያልፍም። ስለዚህ የ1967 ነው የተባለ ሰዓት መብራት ከጠፋ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ደምቆ ካደረ፣ ቀለሙ በኋላ ዘመን የተቀባ ነው። በገጹ ግርጌ ትሪቲየም መኖሩን የምታመለክተው «ቲ» የምትባለው የላቲን ፊደል ተጽፋ ሳለ መለኪያው በኃይል ቢጮኽ ደግሞ፣ ገጹና ቀለሙ አብረው የተወለዱ አይደሉም። ከጠቋሚዎቹ አንዱ ብቻ ራዲየም ቢሆን ያ ጠቋሚ እንግዳ ነው። (በዚህ አጋጣሚ የማያሻማ ማስጠንቀቂያ ልስጥ፤ የራዲየም ገጽ ያለውን ሰዓት ቤት ውስጥ ከፍቶ ቀለሙን መፋቅ ለሕይወት ያሰጋል። በ1920ዎቹ በአሜሪካ ኒው ጀርዚ ብሩሻቸውን በከንፈራቸው እያሾሉ ገጾቹን ይቀቡ ከነበሩ ሴቶች ብዙዎቹ በዚሁ ራዲየም ታመው ሞተዋል።)

ቀለሙ በገጹ ላይ የሚተወው ሌላም ማህተም አለ። ራዲየም የተቀባ ሰዓት ለዓመታት ቆሞ ተቀምጦ ከነበረ፣ ጠቋሚዎቹ ባረፉበት ስፍራ ገጹ ላይ ቡናማ ጥላ ይቀራል። ጥላው ዛሬ ካሉት ጠቋሚዎች ቅርጽ ጋር ካልገጠመ ጠቋሚዎቹ ተለውጠዋል። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያይ ሰው ስለ ዋጋ ከሚያወራ ሰው ይልቅ የታሪክ መርማሪን ይመስላል። ገጹ ራሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዋናው የክርክር ሜዳ ነው። እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ የደበዘዘ ገጽን እንደ አዲስ ማስቀባት የተለመደ እንክብካቤ ነበር፤ ጫማን ሶል ከማስለወጥ የተለየ አልነበረም። ዛሬ ግን ያ ደግነት እንደ በደል ይቆጠራል። በድጋሚ የተቀባን ገጽ የሚያሳብቁት ብዙውን ጊዜ ፊደላቱ ናቸው። መስመራቸው ይወፍራል፣ ርቀታቸው ይዛባል፤ የደቂቃ ምልክቶቹ ከክቡ ያልፋሉ ወይም ይጎድላሉ፤ ከስድስት ቁጥር ሥር የምትገኘው ደቃቃ የአገር ስም ትጠፋለች ወይም ቦታዋን ትስታለች። በብዙ አሮጌ የፓቴክ ፊሊፕ ገጾች ላይ ስሙ የተጻፈው ተቀርጾ፣ በቅርጹ ውስጥ የኢናሜል ዱቄት ተሞልቶ፣ በእሳት ተጠብሶ ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በማጉያ ሲታይ ከገጹ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በላዩ የታተመ ቀለም ይህን ሊያስመስል አይችልም። ቡናማ ስለሆነው ገጽ ግን ጥንቃቄዬ እጥፍ ነው። ፀሐይና የቀለሙ ጉድለት አብረው በሠላሳና በአርባ ዓመት የሚያመጡትን መልክ ሙቀት በአጭር ጊዜ ሊያመጣው ይችላል፤ ገበያው ለዚያ መልክ እየከፈለ እስካለ ድረስ ገጹን ምድጃ ውስጥ የሚከት አይጠፋም።

ቀፎው ላይ ያለው ምስክርነት ከዚህ አጠር ያለ ነው። አንዳንድ የሮሌክስ ሰዓቶች ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በጀርባ ክዳናቸው ውስጥ የተሠሩበት ሩብ ዓመትና ዓመት ተመትቶባቸዋል፤ ይህ በቀፎው ጆሮዎች መካከል ከተቀረጸው ተከታታይ ቁጥር ዘመን ጋር መስማማት አለበት። ውድ ያልሆነውን ሰዓት የሚመረምርም ሰው መሣሪያ አላጣም። የአሮጌ ሴይኮ ሰዓት የጀርባ ክዳን ላይ ያለው ተከታታይ ቁጥር የመጀመሪያው አኃዝ የዓመቱ መጨረሻ ቁጥር፣ ሁለተኛው ወሩ ነው፤ የማሽኑ ዓይነት አራት አኃዝ በክዳኑ ላይም፣ በገጹ ግርጌ በጣም ደቅቆም ተጽፏል። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ገጹ ከሌላ ቤት መጥቷል። ከህንድ ገበያ የሚወጡት፣ በደማቅ ሰማያዊና ብርቱካናማ የተቀቡት የሴይኮ 5 ሰዓቶች ብዙዎቹ በዚህ ቀላል ፈተና ይወድቃሉ። የተወለወለ ቀፎስ? መወልወል ጠርዙን ያደበዝዛል፣ ጆሮዎቹን ያቀጥናል፤ ይህ ለዓይን ይታያል። ዛሬ ግን የጠፋውን ብረት በሌዘር እየበየዱ መልሰው ቅርጹን የሚያወጡ ባለሙያዎች አሉ፤ ሥራቸው እጅግ የረቀቀ ስለሆነ በዓይን ብቻ የሚፈርድ ሊሳሳት ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ የተለወጠው ክፍል ራሱ ታማኝ ምስክር ይሆናል። ሮሌክስ በመስታወቱ ላይ በሌዘር ደቃቃ ዘውድ መቅረጽ የጀመረው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1990 የተሠራ ሰዓት ይህ ዘውድ ካለበት ፎርጅድ ነው ማለት አይደለም፤ ከዚያ በኋላ መስታወቱ ተለውጦለታል ማለት ነው። ሻጩ «ከተሠራ ጀምሮ አልተከፈተም» ያለ እንደሆነ ግን ያቺ የማትታይ ዘውድ ትረታዋለች።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። እያንዳንዱ ምስክር ሊገዛ ይችላል፤ አሮጌ ትሪቲየም ከተሰበረ ገጽ ተፍቆ ይቀባል፣ ቁጥር ይቀረጻል፣ ቡናማነት ይጋገራል። ታዲያ ምርመራው ሁሉ ከንቱ አይደለም? አይደለም፤ ምክንያቱም ኃይሉ ያለው በአንዱ ምስክር ሳይሆን በስምምነታቸው ነው። አንዱን ማታለል ርካሽ ነው። ቀለሙ ከገጹ፣ ገጹ ከጠቋሚዎቹ፣ የቀፎው ቁጥር ከክዳኑ፣ የማሰሪያው መላላት ከቀፎው ድካም፣ የብሎኖቹ አፍ ከተባለው የጥገና ብዛት ጋር ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲስማሙ ማድረግ ግን እጅግ ውድ ነው። ቢሆንም የስፒድማስተሩ ጉዳይ እንዳሳየው ሽልማቱ ሚሊዮን ሲሆን ውድነቱ አያግድም። በዚያ ደረጃ ከዕቃው ውጭ የሆነ ምስክር ያስፈልጋል። በ2017 ኒው ዮርክ ላይ 17,752,500 ዶላር ያወጣው የተዋናዩ የፖል ኒውማን ሮሌክስ ዴይቶና ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዓለም ላይ ያን ዓይነት ገጽ ያላቸው ሰዓቶች ብዙ ናቸው፤ ያን ገጽ አስመስለው የሚሠሩትም ብዙ ናቸው። ያኛውን ልዩ ያደረገው ግን ሚስቱ በጀርባው ላይ ያስቀረጸችለት በጥንቃቄ ንዳ የሚል መልእክት፣ በእጁ ሆኖ የተነሣቸው ፎቶግራፎችና ሰዓቱን በስጦታ የተቀበለው ሰው በሕይወት መገኘቱ ነው። እንዲህ ያለውን ሰንሰለት ላቦራቶሪ አይሠራውም። የኤክስሬይ መሣሪያ የወርቁን ቅይጥ ይነግረናል፤ የብረቱ ቁርጥራጮች በየትኛው ዓመት እንደተጋጠሙ ሊነግረን አይችልም።

ሰንሰለቱ ደግሞ ከክፍሎቹ እውነተኛነት የሚሰፋ ጥያቄ ያስነሣል፤ ይህን ከእኛ ታሪክ ጋር የሚያያይዘው አንድ ሰዓት አለ። በ2017 ክሪስቲስ የተባለው አጫራች ድርጅት ጄኔቫ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረ የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት ለጨረታ አውጥቶ ነበር፤ 2497 የሚል የሞዴል ቁጥር ያለው፣ ቀንና ወሩን ለዓመታት ሳይስት የሚቆጥር፣ የጨረቃንም መልክ የሚያሳይ ነው። የቤተሰቡ አባላት በባለቤትነቱ ላይ ጥያቄ ስላነሱ ሰዓቱ ከዚያ ሽያጭ ወጣ። ማሽኑም፣ ገጹም፣ ቀፎውም እውነተኛ ሆኖ ሳለ፣ ከ1974ቱ ለውጥ በኋላ ከቤተ መንግሥት ወደ ጨረታ መድረክ የተጓዘበት መንገድ ምን ነበር የሚለው አልተመለሰም ማለት ነው። የቀድሞ ባለቤት ስም ለሰዓት ዋጋ ሲጨምር፣ የዚያ ስም ወራሾችም የመጠየቅ መብት አብሮ ይመጣል። የታሪኩን ክብር ወስዶ የታሪኩን ጥያቄ መተው አይቻልም።

አሁን ወደ መለዋወጫው ልመለስ፤ ከላይ የተናገርኩት የሚፈተነው እዚህ ነውና። የተለወጠ ክፍል ሁሉ ጉድለት ነው የሚለው ሐሳብ በአንድ የታወቀ የሰዓት ወገን ላይ ሲደርስ ይሰበራል። የእንግሊዝ ጦር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ በ1945፣ ከአሥራ ሁለት ሠሪዎች በአንድ መመዘኛ የተሠሩ የወታደር ሰዓቶችን ተረከበ፤ ኦሜጋ፣ ሎንዥን፣ ሲማና ቬርቴክስ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ገጾቻቸው በራዲየም የተቀቡ ነበሩ። ከጊዜ በኋላ የራዲየም ጉዳት ሲታወቅ የመከላከያ ሚኒስቴሩ የጥገና ክፍሎች የብዙዎቹን ገጽ እያወጡ የራሳቸውን አዲስ ገጽ አስገቡ፤ በአንዳንዶቹም ላይ የኔቶ የዕቃ ቁጥር ታተመ። በጥገናውም ጊዜ ብዙ ሰዓቶች በአንድ ላይ ይፈቱ ስለነበር የአንዱ ክዳን በሌላው ላይ መገኘቱ ብርቅ አይደለም። እንዲህ ያለውን ሰዓት የያዘ ሰው «ኦሪጅናል ገጽ» ፍለጋ ብሎ የሚኒስቴሩን ገጽ አውጥቶ የ1945 ገጽ ቢያስገባበት ምን አደረገ? ክፍሎቹን ወደ ፋብሪካው አቀረባቸው፣ ሰዓቱን ግን ከእውነቱ አራቀው። የጦሩ ገጽ የሰዓቱ ሕይወት አካል ነበር። በአገራችን ብራና መጻሕፍት ዘንድም ይህን መሰል ነገር አለ። ድጉሱ ያረጀበት መጽሐፍ እንደገና ቢደጎስ ማንም ሐሰተኛ ነው አይለውም፤ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ስም በላዩ ሲጻፍ ግን አንባቢው ቆም ይላል። ሁለቱም ለውጥ ናቸው፤ አንዱ መጽሐፉን ያቆየዋል፣ ሌላው ታሪኩን ይሸፍናል።

የአሜሪካ ፍርድ ቤቶችም ይህንኑ ልዩነት ለማስመር ሲታገሉ ቆይተዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1947 ስለ መኪና ካንዴላ በሰጠው ፍርድ፣ አሮጌ ካንዴላ ታድሶ የመጀመሪያውን ሠሪ ስም እንደያዘ ሊሸጥ ይችላል አለ፤ የታደሰ መሆኑ በግልጽ እስከተነገረ ድረስ። በኮሎራዶ የሚገኘው ቮርቲክ የተባለ ድርጅት የመቶ ዓመት ዕድሜ ያላቸውን የአሜሪካ የኪስ ሰዓት ማሽኖች እያደሰ በአዲስ ቀፎ የእጅ ሰዓት ያደርጋቸዋል። የሐሚልተን ስም ባለበት አንድ ሥራው በ2017 ሲከሰስ፣ ፍርድ ቤቱ በ2020፣ ይግባኝ ሰሚውም በ2021 ለቮርቲክ ፈረዱ፤ ማሽኑ አሮጌና የታደሰ፣ ቀፎው አዲስ መሆኑ ለገዢው ተነግሯልና። የስፒድማስተሩን ከዚህ ጋር አስተያዩት። በአንደኛው አብዛኛው ክፍል የአንድ ፋብሪካ ነው፣ ሰዓቱ ግን ውሸት ነው። በሁለተኛው ግማሹ አዲስ ነው፣ ሰዓቱ ግን ነኝ ያለውን ነው።

ነገር ግን ሕጉ ለእኔ ሐሳብ ብቻ ይመሰክራል ብል አታላይ እሆናለሁ። በ1999ም በ2024ም የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቶች የሮሌክስ ቀፎና ማሽን ላይ የሌላ ሠሪ ገጽ፣ የመስታወት ዙሪያ ቀለበትና ማሰሪያ እየገጠሙ የሚሸጡ ነጋዴዎችን ጉዳይ አይተው፣ ለውጡ ከመሠረቱ ስለሆነ የሮሌክስ ስም በላዩ መቆየቱ ራሱ ማታለል ነው ብለዋል። ይህ፣ መንገር ብቻውን ሁልጊዜ እንደማይበቃ ያሳያል፤ እኔም እቀበለዋለሁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሽያጭ ማስታወቂያ የሚደርሰው ለመጀመሪያው ገዢ ነው። ሁለተኛው ገዢ የሚያየው ገጹ ላይ ያለውን ስም ብቻ ነው። ሰዓት ከሻጩም ከወረቀቱም በላይ ይኖራል። ስለዚህ እውነቱን መናገር ማለት ከሰዓቱ ጋር የሚጓዝ ነገር መተው ነው፤ የተለወጠው ክፍል ራሱን ሊያሳውቅ ይገባል። ሌላ ሰው የሠራው ገጽ የፋብሪካውን ስም ይዞ ሲወጣ፣ ሠሪው ምንም ቢል ነገ የሚዋሽ ዕቃ ዛሬ ለገበያ አቅርቧል።

ፋብሪካዎቹ የሚያነሡት መከራከሪያም አለ። የመለዋወጫ አቅርቦትን በራሳቸውና በመረጧቸው ጠጋኞች እጅ የሚያቆዩት ሐሰተኛ ሰዓት እንዳይገጣጠም ነው ይላሉ። የአውሮፓ የሰዓት ጠጋኞች ማኅበራት ኅብረት ይህን በመቃወም ያቀረበውን አቤቱታ የአውሮፓ ኮሚሽን በ2014 ውድቅ አደረገው፤ የአውሮፓ ኅብረት ጠቅላላ ፍርድ ቤትም በ2017 ኮሚሽኑን ደገፈ። በውድድር ሕግ ረገድ ፍርዱ የራሱ ምክንያት ይኖረዋል። በአሮጌ ሰዓት ላይ ያለው ውጤት ግን የተገላቢጦሽ ነው ባይ ነኝ። ክፍል ከፋብሪካው መግዛት ያልቻለ ሰዓት ሠሪ ሁለት መንገድ ይቀረዋል፤ አንድም ስሙ ከማይታወቅ ሠሪ ይገዛል፣ አንድም ሌላ አሮጌ ሰዓት ፈትቶ ይወስዳል። ሁለተኛው መንገድ ጥሩውን ሰዓት ለማዳን ደህናውን ሰዓት መግደል ነው፤ ድሪቶውም የሚበዛው በዚያው ልክ ነው። የፋብሪካው የራሱ ጥገና ክፍልም ንጹሕ አይደለም። የደበዘዘውን ገጽ አውጥቶ የሚያበራ አዲስ ገጽ አስገብቶ የሚመልስ፣ አሮጌውንም የሚያስቀር አገልግሎት፣ በፋብሪካው ማህተም የተሠራ ቢሆንም የሰዓቱን ትዝታ አጥፍቷል። «የፋብሪካው ክፍል ነው» ማለትና «የዚህ ሰዓት ክፍል ነው» ማለት የተለያዩ ናቸው።

ገበያውም ከተጠያቂነት አያመልጥም። ያልተነካ ሰዓት ከተጠገነው ቢወደድ ተገቢ ነው፤ ብርቅ ነገር ብርቅ ዋጋ አለው። ችግሩ ዋጋው እንደ ቁልቁለት ቀስ እያለ ሳይወርድ እንደ ገደል መቆረጡ ነው። አንድ ጠቋሚ ተለውጧል ብሎ በቅንነት የነገረ ሻጭ ትልቅ ድርሻ ሲያጣ፣ ዝም ያለው ደግሞ ሙሉ ዋጋ ሲያገኝ፣ ገበያው ለዝምታ እየከፈለ ነው። ሐሰተኛው ሠሪ የሚኖረው በዚያ ልዩነት ነው። ለዓይን ካልታየ ምን ልዩነት አለው የሚሉም አሉ። ልዩነቱማ ያለው ገዢው የከፈለው ለሚታየው ብቻ ስላልሆነ ነው። የሚታየውን የፈለገ በአነስተኛ ዋጋ ተመሳሳይ መልክ ያለው አዲስ ሰዓት ያገኛል። ለአሮጌው የሚከፈለው ይህ ዕቃ በዚያ ዘመን ነበረ ለሚለው ቃል ነው። ነገሩ የሀብታሞች ጨዋታ ነው የሚለውም አያስኬድም፤ የአባቱን ሰዓት ወርሶ ለጥገና የሰጠ ሰው ገጹ ተለውጦ ሲመለስለት የሚያጣው ነገር በጨረታ ዋጋ አይለካም።

ስለዚህ አሮጌ ሰዓት ለመግዛት የሚያስብ ሰው «ኦሪጅናል ነው?» ከሚል ይልቅ በየክፍሉ ይጠይቅ፤ ገጹ መቼ ገባ፣ ጠቋሚዎቹስ፣ መሙያውስ፣ ቀፎው ስንት ጊዜ ተወልውሏል፣ ቀለሙ በድጋሚ ተቀብቷል ወይ። «አላውቅም» የሚል ሻጭ «ምንም አልተነካም» ከሚለው የበለጠ እምነት ይገባዋል፤ ሁለተኛው ሊያውቀው የማይችለውን ነገር ነው የሚናገረውና። ሰዓቱን ለጥገና የሚሰጥ ደግሞ ከመከፈቱ በፊት ለሰዓት ሠሪው በጽሑፍ ይንገረው፤ ገጹ እንዳይቀባ፣ ቀፎው እንዳይወለወል፣ የሚወጣ ክፍል ሁሉ እንዲመለስ። የተሰበረው ጥርስም፣ የዛገው መሙያም፣ የተሰነጠቀው መስታወትም በትንሽ ከረጢት ውስጥ፣ ቀኑና የተለወጠበት ምክንያት ከተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ጋር፣ ከሰዓቱ ሳይለዩ ይቀመጡ።